«ተሰወረች» የተባለችው መርከብ ለግሪክ የተሰጠችው እንዴት ነው?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ተከራክረን ልንጣላ ነው። እሱ ዩቲዩብ ላይ ‹የፊላዴልፊያ ሙከራ› የሚባል ነገር አይቶ፣ አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኤልድሪጅ የምትባል የጦር መርከብ ከዓይን ሰወሩ ይላል። እኔ ደግሞ ይቺው መርከብ በኋላ ለግሪክ ተሰጥታ ብዙ ዓመት እንዳገለገለች አነበብኩ። የጠፋ መርከብ እንዴት ለሰው ይሰጣል? ደግሞስ አንድ አገር የጦር መርከቡን እንዴት አንስቶ ለሌላው ይሰጣል? እውነቱን ይንገሩን።»

ወንድምህን አትቆጣው። ይህን ጥያቄ በየዓመቱ የሚያመጣልኝ ሰው አላጣም። ዕድሜዬን የፈጀሁት በመርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ሥራዬ የድሮ የጦር መርከቦችን ታሪክ ማገላበጥ ሆኗል። ስለዚህ መልሴ ይረዝማል፤ ቡናህን ይዘህ ተቀመጥ። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አጭሩ መልስ፦ መርከቧ አልጠፋችም። አሜሪካ ሦስት ዓመት ላልሞላ ጊዜ ተጠቀመችባት፤ ግሪክ ደግሞ 41 ዓመት። እኔን የሚያበሳጨኝም ይኸው ነው። ያልተደረገውን የአንድ ቀን ነገር ዓለም ሁሉ ያወራዋል፤ የተሠራበትን 41 ዓመት ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

ከልደቷ እንጀምር። ኤልድሪጅ የተሠራችው ኒው ጀርሲ፣ ኒዋርክ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ብረት የተጣለው ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1943 ነበር። ጁላይ 25 ውሃ ላይ ወረደች። ኦገስት 27 ባንዲራ ተሰቅሎላት ሥራ ጀመረች። ስድስት ወር ከምናምን ቀን ማለት ነው! ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ፎቅ ቤት በዚህ ጊዜ ጣሪያ ከለበሰ ባለቤቱ ስለት ያስገባል።

ስሟ የተወሰደው ከሌተናንት ኮማንደር ጆን ኤልድሪጅ ነው። የባሕር ኃይል አብራሪ ነበር። ኖቬምበር 2 ቀን 1942 በሰለሞን ደሴቶች ሞተ። መርከቧን መርቃ ውሃ ላይ ያስወረደችው ባለቤቱ ናት፤ የባሏ ሙት ዓመት ሦስት ወር ያህል ሲቀረው።

አሁን ምን ዓይነት መርከብ እንደነበረች ልንገርህ፤ ይህን ካላወቅህ ቀሪው አይገባህም። «ዲስትሮየር ኤስኮርት» ይሏታል፤ አጃቢ የጦር መርከብ ማለት ነው። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች አትላንቲክ ላይ የጭነት መርከቦችን እንደ በግ ይለቅሙ ነበር። መፍትሔው የጭነት መርከቦቹን በአንድ ላይ ማስጓዝና ዙሪያቸውን ማስጠበቅ ሆነ፤ ይህ ነው ኮንቮይ የሚባለው። ለዚህ ጥበቃ ትልልቆቹና ፈጣኖቹ ዲስትሮየሮች ውድ ናቸው፤ ቁጥራቸውም አይበቃም። ስለዚህ አነስ ያለ፣ ርካሽ የሆነ፣ ቶሎ ቶሎ የሚመረት አጃቢ አስፈለገ። አሜሪካ እንዲህ ያሉትን ከ500 በላይ ሠራች። ከኤልድሪጅ ዓይነት፣ «ካነን» ከሚባለው ክፍል ብቻ፣ 72 ተሠርተዋል። እሷ በተከታታይ ቁጥር ዲኢ-173 ነበረች። ማለትም ለምሥጢር የተመረጠች ልዩ መርከብ ሳትሆን፣ ከጅምላ ምርት አንዷ።

ርዝመቷ 93 ሜትር ነው። ከእግር ኳስ ሜዳ ትንሽ ታጥራለች። ወርዷ 11 ሜትር። በዚህ ውስጥ 216 ሰው ይኖራል። ምን ያህል እንደሚጣበቅ በወሬ አይገባም። እኔ እህቷ በሆነችው መርከብ ውስጥ ገብቼ አይቻለሁ፤ ስለ እሷ ወደ በኋላ እመጣለሁ። ባሕረኞቹ የሚተኙት በብረት ቱቦ ላይ በተወጠረ ሸራ ነው፤ ሦስት አልጋ አንዱ ባንዱ ላይ። የላይኛው ሲገላበጥ የታችኛው አፍንጫው ይነካል። የተማሪ ቤት አዳሪ የነበረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ልዩነቱ የእነሱ ዶርም በማዕበል ይወዛወዛል።

ከኋላዋ በርሜል የሚመስሉ ቦምቦች ሐዲድ ላይ ተደርድረዋል። ወደ ባሕር ይንከባለሉና የተወሰነላቸው ጥልቀት ላይ ሲደርሱ ይፈነዳሉ። ችግራቸው ምን መሰለህ? ቦምቡን ለመጣል መርከቧ በሰርጓጁ አናት ላይ ማለፍ አለባት። ልክ ስትቀርብ ደግሞ ሶናሩ፣ ማለትም ሰርጓጁን በድምፅ የሚፈልገው መሣሪያ፣ የጠላትን ድምፅ ያጣዋል። የመጨረሻውን ርቀት በጭፍን ነው የምትሄደው። ስለዚህ ከፊት በኩል ሌላ መሣሪያ ተተከለ፤ ስሙ በእንግሊዝኛ «ጃርት» እንደ ማለት ነው። 24 ትናንሽ ቦምቦች እንደ ጃርት ወስፌ ቆመው ይታያሉ። ሶናሩ ጠላትን ሳያጣው ገና ከሩቁ ወደ ፊት ይወረወራሉ። የሚፈነዱት ደግሞ ከነኩ ብቻ ነው። ባሕሩ ዝም ካለ ስተሃል፤ ከጮኸ መትተሃል። እንዲህ ያለ ቅልጥፍና እኔ እወዳለሁ።

ሞተሯም ለጉዳያችን ያስፈልገናል። አራት የጄኔራል ሞተርስ ዲዝሎች አሏት። ግን ዲዝሎቹ በቀጥታ መርከቧን የሚገፋውን ማራገቢያ አይዘውሩም። ጄኔሬተር ይዘውራሉ፤ ከጄኔሬተሩ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ደግሞ ማራገቢያውን የሚያሽከረክሩትን ሞተሮች ይነዳል። በጠቅላላው 6,000 የፈረስ ጉልበት ነው። ፍጥነቷ 21 ኖት፣ በሰዓት ወደ 39 ኪሎ ሜትር ግድም። ወንድምህ ያየው ቪዲዮ «መርከቧ ውስጥ ግዙፍ ጄኔሬተሮች ተጭነው ነበር» ሳይል አይቀርም። አዎ፣ ነበሩ! መሄጃዋ ናቸዋ። ያለነሱ ከወደቧ ንቅንቅ አትልም። በ71ዱም እህቶቿ ውስጥ ያሉት እነዚሁ ናቸው።

አሁን ወደ ተረቱ። ወሬው እንዲህ ነው፦ በ1943 ኦክቶበር፣ ፊላዴልፊያ የባሕር ኃይል መርከብ መሥሪያ ውስጥ ኤልድሪጅ በአረንጓዴ ጉም ተሸፍና ከዓይን ተሰወረች። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሚገኘው ኖርፎክ ወደብ ብቅ አለች። ከዚያ ተመልሳ ፊላዴልፊያ ተገኘች። ባሕረኞቹ አብደው፣ አንዳንዶቹም ከብረቱ ጋር ተጣብቀው ተገኙ ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ቀን ኦክቶበር 28 ነው። ከጀርባው አይንስታይን አለበት የሚሉም ሞልተዋል።

ይህ ወሬ በጦርነቱ ጊዜ አልነበረም። የመጣው ከ12 ዓመት በኋላ ነው። ካርል አለን የሚባል ሰው፣ «ካርሎስ አየንዴ» እያለ እየፈረመ፣ ስለ በራሪ ዲስኮች ለጻፈው ለሞሪስ ጄሰፕ በ1955ና 56 ደብዳቤ ላከለት። በደብዳቤው «አንድሩ ፉሩሴት በምትባል የጭነት መርከብ ላይ ሆኜ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። ምንጩ በቃ ይኼ ነው፤ የአንድ ሰው ደብዳቤ። በ1979 መጽሐፍ ተጻፈበት፤ በ1984 ፊልም ተሠራበት። ከዚያ በኋላማ ማን ይመልሰው።

የጦር መርከብ ግን አንድ ጥሩ ጠባይ አላት፤ ውሎዋ ይጻፋል። የት አደረች፣ መቼ ተነሳች፣ ማን አብሯት ነበር፣ ሁሉም መዝገብ ላይ ይገባል። የኤልድሪጅ መዝገብ የሚለውን ላስነብብህ። ሴፕቴምበር 16 ከኒው ዮርክ አካባቢ ወደ ቤርሙዳ ተነሳች። ከሴፕቴምበር 18 እስከ ኦክቶበር 15 ቤርሙዳ አካባቢ ሥልጠና ላይ ነበረች። አዲስ መርከብ ከነአዲስ ባሕረኞቿ ተለማምዳ ነው ወደ ጦርነት የምትገባው። ኦክቶበር 18 ኒው ዮርክ ተመለሰች። እስከ ኖቬምበር 1 እዚያው ቆየች። ኖቬምበር 2 ኖርፎክ ገባች። በማግሥቱ ዩጂኤስ-23 የሚባለውን ኮንቮይ አጅባ ወደ ካዛብላንካ ተነሳች፤ ኖቬምበር 22 ደረሰች። ፊላዴልፊያ የሚል ስም በዚህ ሁሉ ውስጥ የለም።

የዚያችንስ የጭነት መርከብ መዝገብ ብናየው? አንድሩ ፉሩሴት ኦክቶበር 25 ከኖርፎክ ተነስታ ወደ አልጄሪያዋ ኦራን ሄደች፤ ኖቬምበር 12 ገባች። እንግዲህ አስላው። ኤልድሪጅ ኖርፎክ ስትደርስ አንድሩ ፉሩሴት ከሄደች ስምንት ቀን ሆኗታል። ተባለ በተባለበት በኦክቶበር 28 ደግሞ አንዷ ኒው ዮርክ ወደብ ቆማለች፣ ሌላዋ አትላንቲክ ላይ ናት። «አየሁ» ያለው ሰውዬ በምን ዓይኑ አያት? የአንድሩ ፉሩሴት አዛዥ የነበረውም ሰው በኋላ ተጠይቆ፣ እንዲህ ያለ ነገር እኔም አላየሁ፣ ባሕረኞቼም አላዩ ብሏል።

ሌላም አለ። ሙከራውን አካሄደ የሚባለው የባሕር ኃይል ምርምር ቢሮ የተቋቋመው በ1946 ነው፤ በ1943 ገና አልተወለደም። አይንስታይንን በተመለከተ አንድ የእውነት ፍሬ አለችበት። ሰውየው በ1943ና 44 የባሕር ኃይሉ የጦር መሣሪያ ክፍል የትርፍ ሰዓት አማካሪ ነበር። ያማከረው ግን ስለ ፈንጂና ፍንዳታ ነው።

ታዲያ ወሬው ከምን ተነሳ? ያለ እሳት ጭስ የለም ይባል የለ። እዚህም ትንሽ እሳት አለች። ጀርመኖች በጦርነቱ መጀመሪያ ላይ ማግኔት የሚያስነሳው የባሕር ፈንጂ አመጡ። መርከብ ከብረት ስለተሠራች እሷ ራሷ ደካማ ማግኔት ናት። ባሕር ሥር የተኛው ፈንጂ ይህን ይሰማና ይፈነዳል፤ መነካት እንኳ አያስፈልገውም። እንግሊዞች በኖቬምበር 1939 አንዱን ሳይፈነዳ ጭቃ ላይ አገኙና ፈታትተው አሠራሩን አወቁ። መድኃኒቱ ቀላል ነበር። የመርከቧን አካል በወፍራም የኤሌክትሪክ ገመድ ዙሪያውን መጠምጠምና ልክ የመርከቧን ማግኔት የሚያጠፋ ኤሌክትሪክ መልቀቅ። «ዲጋውሲንግ» ይሉታል። በዚያን ጊዜ በየወደቡ ይሠራ ነበር።

እስቲ አስበው። አንድ የ19 ዓመት ባሕረኛ መጠጥ ቤት ተቀምጦ «መርከባችንን በገመድ ጠመጠሟት፣ ኤሌክትሪክ ለቀቁባት፣ አሁን አትታይም» ይላል። ሊል የፈለገው ለፈንጂው አትታይም ነው። አጠገቡ ያለው ደግሞ «አትታይም» የሚለውን ብቻ ይዞ ወጣ። እኛ አገር ወሬ ከሰፈር ሰፈር እንዴት እንደሚሄድ የምታውቅ ከሆነ ቀሪውን አንተ ጨርሰው።

የኖርፎኩም ነገር መልስ አለው። በሌላ አጃቢ መርከብ ላይ ያገለገለ ባሕረኛ በኋላ እንዳስረዳው፣ በፊላዴልፊያና በኖርፎክ መካከል በሼሳፒክና ዴላዌር ቦይ በኩል የሚያልፍ የውስጥ መንገድ አለ። የጦር መርከብ በዚያ ስታልፍ ወደ ውጪው ባሕር ወጥታ መዞር የለባትም፤ በአንድ ሌሊት ትደርሳለች። መንገዱን ለማያውቅ የጭነት መርከብ ሰው አስማት ይመስላል።

በ1999 የኤልድሪጅ የድሮ ባሕረኞች አትላንቲክ ሲቲ ላይ ተገናኝተው ነበር። ሸምግለዋል። ስለ ሙከራው ሲጠየቁ ሳቁ።

እውነተኛ ሥራዋን በአጭሩ ላንሳው። ከጃንዋሪ 1944 እስከ ሜይ 1945 ዘጠኝ ጊዜ ኮንቮይ አጅባ አትላንቲክን ተሻገረች፤ ወደ ካዛብላንካ፣ ወደ ቢዘርትና ወደ ኦራን። ለሰሜን አፍሪካና ለደቡብ አውሮፓ ጦርነት የሚሆን ሰውና ዕቃ ነው የምትጠብቀው። ከዚያ ወደ ፓሲፊክ ተላከች። በመንገድ ላይ ከውሃ ሥር የሆነ ነገር ሰምታ ቦምብ ጣለች፤ ምንም የተገኘ ነገር የለም። ኦኪናዋ የደረሰችው ኦገስት 7 ቀን 1945 ነው። በሳምንቱ ጃፓን እጇን ሰጠች። አጃቢ ሥራው ከሰመረ ወሬ የለውም። ጀግንነቱ ምንም አለመፈጠሩ ነው። ጁን 17 ቀን 1946 ከሥራ ወጥታ ተጠባባቂ ክፍል ገባች።

ተጠባባቂ ማለት የትም ተጥላ ዛገች ማለት አይደለም። አሜሪካኖች ከጦርነቱ በኋላ በመቶዎች የሚቆጠሩ መርከቦችን ጎን ለጎን አሰሩ። ክፍተቱን ሁሉ አሸጉ። በየውስጡ እርጥበት የሚመጥ ማሽን አስገቡ። መድፉን በሽፋን ጠቀለሉ። አያቶቻችን ጋቢያቸውን አጥፈው ሳጥን ውስጥ እንደሚያስቀምጡት ማለት ነው። የሚፈልገው ሰው ሲመጣ ይወጣል።

የሚፈልገው ሰው መጣ። ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ ገባን።

የጦር መርከብን ለወዳጅ አገር መስጠት አዲስ ነገር አልነበረም። በማርች 1941 የወጣው የሌንድ-ሊዝ፣ ማለትም የማበደርና የማከራየት፣ ሕግ ለዚህ በር ከፈተ፤ አሜሪካ ራሷ ጦርነቱ ውስጥ ሳትገባ ማለት ነው። እንግሊዝ በዚህ መንገድ 78 አጃቢዎች ወሰደች። ከኤልድሪጅ ዓይነት ደግሞ ስድስቱ ለነፃ ፈረንሳይ፣ ስምንቱ ለብራዚል በጦርነቱ ጊዜ ተሰጥተዋል። ከፈረንሳዮቹ አንዷን፣ «ሴኔጋላዊ» የምትባለውን፣ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1944 ዋሽንግተን ላይ ያስረከቡት ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ራሳቸው ናቸው።

የግሪክ ግን ከጦርነቱ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ሌላ ነው። ግሪክ ከጦርነቱ የወጣችው ደቅቃ ነበር። መርከቦቿ በጣሊያንም በጀርመንም ተመትተዋል። «ኤሊ» የምትባለውን መርከቧን የጣሊያን ሰርጓጅ የመታት ኦገስት 15 ቀን 1940 ነው። በእነሱ አቆጣጠር የእመቤታችን የፍልሰታ በዓል ነው፤ መርከቧም ለበዓሉ ቲኖስ ደሴት ወደብ ቆማ ነበር። ጣሊያን ከእኛ ጋር ብቻ አልነበረም ጣጣው። ከዚያ ደግሞ የእርስ በርስ ጦርነት እስከ 1949 ድረስ። ፕሬዚዳንት ትሩማን በማርች 1947 ለግሪክና ለቱርክ 400 ሚሊዮን ዶላር እርዳታ ጠየቁ። በ1949 የወታደራዊ እርዳታ ሕግ ጸደቀ። ሳጥን ውስጥ የተቀመጡት መርከቦችም በዚህ ሕግ መውጣት ጀመሩ።

ኤልድሪጅ ጃንዋሪ 15 ቀን 1951 ለግሪክ ተላለፈች። የእኛ ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ በደረሰበት ዓመት ማለት ነው፤ ግሪኮችም እዚያው ኮሪያ ነበሩ።

ርክክብ ሲባል እንደ መኪና ቁልፍና ሊብሬ ተቀብሎ መሄድ አይደለም። መጀመሪያ መርከቧ ከእንቅልፏ መንቃት አለባት፤ ሞተሩ ተፈትሾ፣ ገመዱ ተለክቶ። አዲሶቹ ባሕረኞች ደግሞ መሠልጠን አለባቸው። በእንፋሎት ሞተር ላይ ላደገ ሰው ዲዝል-ኤሌክትሪክ ሌላ ዓለም ነው፤ ይህን በራሴ አይቼዋለሁ። በእንፋሎት ቫልቭ ታዞራለህ። እዚህ ግን የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ፊት ቆመህ ሰዓቶች ታነባለህ። መመሪያው በሌላ ቋንቋ ነው። መለዋወጫውና ጥይቱም የሚመጣው ከሰጪው አገር ነው። መርከብ የተቀበለ አገር ሳያስበው የዕቃ አቅራቢም ጓደኛ ይዟል። ሰጪዎቹም ይህን አሳምረው ያውቁታል። ከዚያ በኋላ ነው ያ የሚታወቀው ሥነ ሥርዓት፦ አንድ ባንዲራ ይወርዳል፣ ሌላ ባንዲራ ይወጣል፣ ስምና ቁጥር ይቀየራል።

አዲሱ ስሟ «ሊዮን» ሆነ፤ አንበሳ። ቁጥሯ ዲ54። አብረዋት ሦስት እህቶቿ ሄዱ፦ «አኤቶስ» ማለትም ንስር፣ «ኢኤራክስ» ማለትም ጭልፊት፣ «ፓንቲር» ማለትም ነብር። ግሪኮች አራቱን በአንድ ላይ «አውሬዎቹ» ይሏቸዋል።

ስሞቹ እንዲሁ የተሰጡ አይደሉም። የድሮዎቹ «አውሬዎች» በ1912፣ የባልካን ጦርነት ሲጀመር የተገዙ አራት ዲስትሮየሮች ናቸው። እነሱም እንግሊዝ አገር ለአርጀንቲና ተብለው ሲሠሩ ነው ግሪክ የገዛቻቸው። የመጀመሪያዋ «ሊዮን» በሜይ 1941 ቀርጤስ ላይ፣ ሱዳ ወደብ፣ በጀርመን አውሮፕላን ተመትታ ሰጠመች። እንግዲህ ኤልድሪጅ የወረሰችው የሞተችን መርከብ ስም ነው። ያቺም ራሷ ለሌላ አገር ታስባ የመጣች ነበረች። ከዓይን የተሰወረ መርከብ ተረት ከዚህ ታሪክ ይበልጣል የሚለኝ ሰው አይገባኝም።

ሊዮን በግሪክ ባንዲራ እስከ 1992 ኖቬምበር ሠራች። ገምት፤ ከእርክክቡ በኋላ የተወለደ ልጅ አድጎ፣ ባሕረኛ ሆኖ፣ በእሷው ላይ አገልግሎ፣ አርባ ዓመት ይሞላዋል። ለምን ይህን ያህል ቆየች? ለጥቃት ሳይሆን ለጥበቃ የተሠራች ናት። በደሴት የተሞላ ባሕር ላለው አገር እንዲህ ያለ መርከብ ሁሌም ሥራ አያጣም። ዲዝል ብዙ ነዳጅ አይበላም። በ12 ኖት ፍጥነት ከሄደች ነዳጅ ሳትሞላ 20,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ትጓዛለች። ደግሞም ሦስት እህቶች አጠገቧ አሉ፤ አንዷ ስትታመም ከሌላዋ መበደር ይቻላል። የታክሲ ሹፌር ሁሉ ያውቃታል ይቺን ዘዴ።

በ1999 ኖቬምበር ፒሬየስ ላለ የብረት ነጋዴ ተሸጠች። የመጨረሻ ባለቤቷ፣ በእኛ ቋንቋ፣ ቆራሌው ነው። መሰወርማ ያኔ ነው የተሰወረችው። ተቆራርጣ።

እንዲህ ከአገር አገር የዞረች ግን እሷ ብቻ አይደለችም። ከዚሁ ክፍል የሆነችው አተርተን በሜይ 1945 ኒው ኢንግላንድ አካባቢ ዩ-853 የተባለውን የጀርመን ሰርጓጅ ከሌላ መርከብ ጋር ሆና አሰጠመች። በ1955 ለጃፓን ተሰጠች። አስተውል፣ ከአሥር ዓመት በፊት ጠላት ለነበረችው ለጃፓን። በ1978 ለፊሊፒንስ ተላለፈች፤ ሥራ ያቆመችው በ2018 ነው። ሦስት ባንዲራ ያውለበለበች የ1943 መርከብ፣ ስማርት ስልክ የያዙ ባሕረኞች ነድተዋታል።

እኛም ከዚህ ታሪክ ውጪ አይደለንም። የባሕር ኃይላችን ባንዲራ ተሸካሚ የነበረችው «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ፣ ቁጥሯ ኤ-01፣ የተገኘችው በዚሁ መንገድ ነው። የቀድሞ ስሟ ኦርካ ነበር። ሲያትል አጠገብ የተሠራች፣ በ1944 ሥራ የጀመረች፣ የባሕር ላይ አውሮፕላኖችን የምታገለግል መርከብ ናት። ፊሊፒንስ አካባቢ በተደረጉት ውጊያዎች ውስጥ ነበረች። በጃንዋሪ 1962 በውሰት ለእኛ ተሰጠች። ምጽዋ ላይ ዕጩ መኮንኖች የሠለጠኑባት እሷ ናት። ርዝመቷ 95 ሜትር ነው፤ ከኤልድሪጅ በሁለት ሜትር ብቻ ትበልጣለች። በ1991፣ ሁሉ ነገር ሲፈርስ፣ ወደ የመን ወጣች። ሁለት ዓመት ቆይታ እሷም ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። የቀድሞ ባሕረኞቿ ዛሬም ዋሽንግተንም አዲስ አበባም ሲገናኙ ስሟን በሙሉ ቃል ነው የሚጠሩት፤ «መርከብ ኢትዮጵያ»።

አሁን ያቺ ገባሁባት ያልኩህ እህት። የግሪኳ «አኤቶስ» የቀድሞ ስሟ ስሌተር ነው። በ1951 ማርች 1 ተሰጥታ፣ በ1991 ሥራ አቁማ ቀርጤስ ቆማ ነበር። እሷን ቆራሌው አላገኛትም። በእንዲህ ያሉ መርከቦች ላይ ያገለገሉ የአሜሪካ ሽማግሌዎች ገንዘብ አዋጥተው፣ ግሪክም ፈቅዳ፣ በ1993 በሩሲያ ጎታች መርከብ እየተጎተተች አትላንቲክን ተሻገረች። አሜሪካ የሠራቻትን፣ ግሪክ የተጠቀመችባትን፣ ሩሲያ ጎትታ መለሰቻት። ኒው ዮርክ የደረሰችው ኦገስት 27 ነው። ኤልድሪጅ ሥራ ከጀመረች ልክ 50 ዓመት፣ በቀኗ። አደራ፣ ይቺን ለወንድምህ እንዳትነግረው፤ አዲስ ቪዲዮ ይሠራባታል።

ስሌተር ከ1997 ጀምሮ ያለችው ኒው ዮርክ ግዛት፣ ኦልባኒ ከተማ፣ ሃድሰን ወንዝ ላይ ነው። ሙዚየም ሆናለች። ኤልድሪጅን ማየት ለሚፈልግ ቅርቧ እሷ ናት፤ አልጋው፣ ጃርቱ፣ የሞተር ክፍሉ አንድ ዓይነት ነው። አሜሪካ ዘመድ ካላችሁና ከሄዳችሁ በክረምት አትሂዱ፤ ወንዙ ይቀዘቅዛል፣ ጉብኝትም የለም። ወደ ሞተር ክፍሉ የሚወርደው መሰላል ቀጥ ያለ ነው፤ ፊትህን ወደ መሰላሉ አድርገህ ውረድ። በሮቹ ዝቅ ያሉ ናቸው። ወንድምህ ረጅም ከሆነ ግንባሩን ይጠብቅ። እኔ በአንድ ቀን ሁለቴ ተመትቻለሁ።